ዶክተር ግሬስ ሆፐርና የፕሮግራም ቋንቋ ምርጫ

ለዌብ ሥራ ፒኤችፒ ይሻላል ወይስ ፓይተን፣ ላራቬል ይመረጣል ወይስ ጃንጎ የሚለው ክርክር የሙያ ባልደረቦቻችን በተሰበሰቡበት ሁሉ የሚነሣ ነው። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በፍጥነት፣ በአጻጻፍ ምቾትና በገበያ ተፈላጊነት ላይ ያተኩራል። ከሰባ ዓመት በፊት ግን ጥያቄው የትኛው ቋንቋ ይሻላል የሚል ሳይሆን፣ የፕሮግራም ቋንቋ የሚባል ነገር ጭራሹን ያስፈልጋል ወይ የሚል ነበር። ያስፈልጋል ብለው ቀድመው ከተከራከሩት ሰዎች አንዷ አሜሪካዊቷ የሒሳብ ምሁርና የባሕር ኃይል መኮንን ዶክተር ግሬስ ሆፐር ናቸው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግሬስ ብሩስተር መሪ በዲሴምበር 9 ቀን 1906 በኒውዮርክ ከተማ ተወለዱ። በልጅነታቸው አሠራሩን ለማወቅ ሲሉ የቤቱን የደወል ሰዓቶች አንድ በአንድ መፈታታታቸው ይተረክላቸዋል። በ1928 ከቫሳር ኮሌጅ በሒሳብና በፊዚክስ ተመረቁ፤ ከዬል ዩኒቨርሲቲም በ1930 የማስተርስ፣ በ1934 የዶክትሬት ዲግሪ በሒሳብ ተቀበሉ። በ1930 ቪንሰንት ሆፐርን አግብተው ነበር፤ ትዳሩ በ1945 ቢፈርስም በስሙ እንደ ተጠሩ ኖሩ። በቫሳር ሒሳብ በማስተማር ላይ ሳሉ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደረሰ።

በ1943 መጨረሻ ወደ ባሕር ኃይል ሲገቡ ዕድሜያቸው ሠላሳ ሰባት ነበር። ክብደታቸውም ከተወሰነው በታች ስለ ነበረ የተቀበሏቸው በልዩ ፈቃድ ነው። ሥልጠናውን በ1944 በአንደኝነት ከፈጸሙ በኋላ የተመደቡት በመርከብ ላይ ሳይሆን፣ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሃዋርድ ኤይከን በሚመሩት የስሌት ክፍል ነበር። በዚያ የጠበቃቸው ማርክ 1 የተባለው መሣሪያ ርዝመቱ አሥራ አምስት ሜትር፣ ክብደቱ አምስት ቶን ያህል ሲሆን፣ በአንድ ሰከንድ ሦስት መደመሮችን ብቻ ይሠራ ነበር፤ አንድ ማባዛት ስድስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ትእዛዙን የሚቀበለው ከተበሳሳ የወረቀት ጥቅልል ነበር። ዶክተር ሆፐር ስለዚህ መሣሪያ ያዘጋጁት ከ500 ገጽ በላይ የሆነ መመሪያ በ1946 ታትሟል።

እዚህ ላይ አንድ በስሕተት የሚነገር ታሪክ ማቃናት ይገባል። በ1947 በማርክ 2 ውስጥ አንዲት የእሳት ራት ገብታ ሥራውን አሰናክላ ነበር፤ ሠራተኞቹም አውጥተው በመዝገቡ ላይ ለጠፏት። የፕሮግራም ስሕተት በእንግሊዝኛ በነፍሳት ስም የሚጠራው ከዚህ የተነሣ ነው፣ ያገኟትም ዶክተር ሆፐር ናቸው ይባላል። ሆኖም መሐንዲሶች ቃሉን ከዚያ አስቀድሞ ይጠቀሙበት ነበር፤ የእሳት ራቷንም ያገኙት ሌሎች ናቸው። ዶክተር ሆፐር ታሪኩን ደጋግመው በማውራታቸው በስማቸው ቀረ።

ከሃርቫርድ ያገኙት ቁም ነገር ሌላ ነው። በክፍሉ የነበሩት ፕሮግራም ጸሐፊዎች ቀደም ሲል የሠሩትንና በትክክል የሚሠራውን የትእዛዝ ክፍል በደብተር ይዘው፣ ለአዲስ ሥራ ሲያስፈልግ ይገለብጡት ነበር። ሲገለብጡ ቁጥር ያሳስታሉ፤ አድራሻውን ለማስተካከል ሲደምሩም ይሳሳታሉ። መገልበጥና መደመር ደግሞ ኮምፒዩተር ከሰው አብልጦ የሚችለው ሥራ ነው።

በ1949 በፊላደልፊያ ኤከርትና ሞክሊ ወዳቋቋሙት የኮምፒዩተር ኩባንያ ገቡ። ኩባንያው በ1950 ለሬሚንግተን ራንድ ተሸጠ፤ ዩኒቫክ የተባለውም ኮምፒዩተር የወጣው ከዚያው ነው። ዶክተር ሆፐር በ1951 እና በ1952 የሠሩት ኤ-ዜሮ የተባለው ፕሮግራም እያንዳንዱን ንዑስ ፕሮግራም በቁጥር ሰይሞ በቴፕ ላይ ያስቀምጣል። ጸሐፊው የሚፈልጋቸውን በተራ ቁጥራቸው ሲጠራ፣ ኮምፒዩተሩ ራሱ ፈልጎ አምጥቶ፣ አድራሻቸውን አስተካክሎ፣ አንድ ወጥ ፕሮግራም አድርጎ ያያይዛቸዋል። እርሳቸው ኮምፓይለር ብለው ቢሰይሙትም፣ በዛሬ አነጋገር ይበልጥ የሚቀርበው ለሊንከር ነው። ለዌብ ሥራ በፍሬምወርክ የሚገለገል ሰውም የመግቢያ ፈቃዱን፣ የዳታቤዝ ግንኙነቱን፣ የቅጽ ማረጋገጫውን ከተዘጋጀው እየጠራ ሲያያይዝ፣ ከዚያው ሐሳብ ላይ መቆሙ ነው።

ተቃውሞው ግን ቀላል አልነበረም። ኮምፒዩተር ቁጥር ያሰላል እንጂ ፕሮግራም አይጽፍም የሚሉ ነበሩ። ሌሎችም በእጅ የተጻፈው ፕሮግራም ፈጣን ስለሆነና የኮምፒዩተሩ ሰዓት ውድ ስለሆነ ብክነት ነው ይሉ ነበር። የኋለኛው ተቃውሞ በጊዜው ትክክለኛ ስሌት ነበረው፤ ዶክተር ሆፐር በሒሳቡ ውስጥ የጨመሩት የፕሮግራም ጸሐፊውን ሰዓት ነው።

ክርክሩ በሁለት አቅጣጫ ቀጠለ። በአይቢኤም ጆን ባከስ የመሩት ቡድን ለአይቢኤም 704 የሠራው ፎርትራን በ1957 ወጣ። ፎርትራን የታሰበው ለሳይንስና ለምሕንድስና ሰዎች ስለሆነ አጻጻፉ የሒሳብ ቀመር ይመስላል፤ ሠሪዎቹም ይበልጥ የደከሙት የሚወጣው ፕሮግራም በእጅ ከተጻፈው በፍጥነት እንዳያንስ ነው። ዶክተር ሆፐር በአንጻሩ ደመወዝ የሚያሰላውን፣ የዕቃ ግምጃ ቤት የሚቈጣጠረውን ሰው አሰቡ። ይህ ሰው ምልክት አይወድም፤ የለመደው ቃል ነው። ፍሎውማቲክ የተባለው ቋንቋቸው ስለዚህ በእንግሊዝኛ ቃላት የሚጻፍ ሆነ። ከዚያም በላይ የመረጃውን አቀማመጥ ከትእዛዙ ለይቶ የሚያስጽፍ ነበር፤ በእኔ ግምት ከቃላቱ ይልቅ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው።

ሐሳቡን ለኩባንያው ኃላፊዎች ሲያቀርቡ፣ ያንኑ ፕሮግራም በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ቃላት ጭምር አሳዩ። ኃላፊዎቹ በአሜሪካ የተሠራ ኮምፒዩተር የውጭ አገር ቋንቋ እንዴት ያውቃል ብለው ደነገጡ፤ ነገሩም ከታሰበው በላይ ዘገየ። ዶክተር ሆፐር ለማስረዳት የፈለጉት ግን ለኮምፒዩተሩ ቃል ሁሉ የምልክት ቅደም ተከተል ብቻ መሆኑን ነበር። በዚህ ሚዛን ደምር የሚለው የእኛ ቃል ከእንግሊዝኛው የሚያንስበት ምክንያት የለም።

በሜይ 1959 በፔንታጎን በተደረገ ስብሰባ ለንግድና ለአስተዳደር ሥራ የሚሆን አንድ የጋራ ቋንቋ እንዲዘጋጅ ተወሰነ፤ ኮቦል የተወለደው ከዚህ ነው። ዶክተር ሆፐርን የኮቦል እናት ማለት ልማድ ሆኗል። ነገር ግን ቋንቋውን የነደፈው ኮሚቴ ነው፤ ጂን ሳሜትን የመሳሰሉት አባላቱም ድርሻቸው ሊሸፈን አይገባም። እርሳቸው አማካሪ ነበሩ፤ ቋንቋው ከማንም ይልቅ የወረሰው ግን ፍሎውማቲክን ነው። በዲሴምበር 1960 አንድ የኮቦል ፕሮግራም በአርሲኤ 501 እና በዩኒቫክ 2፣ ማለትም ሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች በሠሯቸው ኮምፒዩተሮች፣ ጥቂት ለውጥ ብቻ ተደርጎበት ሠራ። ኮምፒዩተር በተለወጠ ቁጥር ፕሮግራሙን ሁሉ እንደገና ማጻፍ ለነበረበት መሥሪያ ቤት ይህ ከማንኛውም የፍጥነት ልክ ይበልጥ ነበር።

የዩኒቨርሲቲ ምሁራን ኮቦልን አልወደዱትም። ኤድስገር ዳይክስትራ በ1975 ኮቦል የተማሪን አእምሮ ያበላሻል እስከ ማለት ደርሰዋል። ቃለ ብዙ መሆኑ እውነት ነው፤ ፕሮግራምን በሥርዓት ከፋፍሎ ለመጻፍም በመጀመሪያው መልኩ አይመችም ነበር። ሥራ አስኪያጆች ራሳቸው ፕሮግራሙን ያነቡታል የተባለውም ተስፋ እምብዛም አልተፈጸመም። ሆኖም የኒው ጀርሲ አገረ ገዥ በ2020 የኮቦል ዐዋቂ በጎ ፈቃደኞችን በአደባባይ የጠየቁት፣ ከአርባ ዓመት በላይ የቈየ የመንግሥት ሥርዓት ገና በዚሁ ቋንቋ ይሠራ ስለ ነበረ ነው። ቋንቋ ስንመርጥ ከዓመታት በኋላ ፕሮግራሙን የሚጠግነው ማን እንደሚሆን በክርክራችን ውስጥ ቦታ ሲያገኝ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

ባሕር ኃይሉ ዶክተር ሆፐርን በ1966 በጡረታ አሰናበታቸው፤ በ1967 ግን ለስድስት ወር ያህል ብሎ መልሶ ጠራቸው። ሥራው ስም እንጂ ይዘት የማይጋሩትን የየኩባንያውን ኮቦሎች አንድ ማድረግ ነበር። እርሳቸውና ረዳቶቻቸው ኮምፓይለሩ በእርግጥ ደንቡን መከተሉን የሚመረምሩ የፈተና ፕሮግራሞችን አዘጋጁ። ጃቫስክሪፕት በየብራውዘሩ የተለያየ በሆነ ጊዜ፣ በ1997 የወጣው የኤክማ ደንብ ያስፈለገው ለተመሳሳይ ችግር ነው። ስድስቱ ወር ተራዝሞ፣ ከአጭር ዕረፍት በስተቀር፣ እስከ 1986 ዘለቀ፤ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው በቦስተን ኮንስቲቲዩሽን በተባለችው ጥንታዊት መርከብ ላይ ሲሰናበቱ ማዕረጋቸው ሪር አድሚራል ነበር።

ከዚያም ለዲጂታል ኢክዊፕመንት ኩባንያ አማካሪ ሆነው ንግግር ማድረጉን ቀጠሉ። ለአድማጮቻቸው ሠላሳ ሳንቲሜትር ያህል የሆነ ሽቦ ያድሉ ነበር፤ ይህም የኤሌክትሪክ ምልክት በአንድ ናኖሴኮንድ ሊጓዝ የሚችለው የርቀት ወሰን ነው። በጃንዋሪ 1 ቀን 1992 በሰማንያ አምስት ዓመታቸው ዐርፈው በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ተቀበሩ። በስማቸው የተጠራችው የጦር መርከብ በ1997 አገልግሎት ጀመረች።