ሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን

ሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን (ኤፕሪል 2 ቀን 1805 – ኦገስት 4 ቀን 1875 እ.ኤ.አ.) የዴንማርክ ደራሲ ነበር። ልብ ወለድ፣ ተውኔት፣ ግጥምና የጉዞ ማስታወሻ ቢጽፍም በዓለም ዙሪያ የሚታወቀው ከ150 በሚበልጡ ተረቶቹ ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው «አስቀያሚው የዳክዬ ጫጩት» የራሱን ሕይወት እንደሚያንጸባርቅ ደራሲው ራሱ ተናግሯል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነት

አንደርሰን የተወለደው ፊውን በተባለው የዴንማርክ ደሴት በምትገኘው በኦዴንሴ ከተማ ነው። አባቱ ጫማ ሰፊ ነበር። እናቱ የሰው ልብስ እያጠበች ትተዳደር ነበር፤ ማንበብና መጻፍም አትችልም ነበር። አባቱ ግን መጽሐፍ ይወድ ስለነበር «አንድ ሺህ አንድ ሌሊት»ን ለልጁ ያነብለት ነበር፤ የአሻንጉሊት ትያትርም ሠርቶለታል። አባቱ በ1816 ሲሞት ልጁ ገና 11 ዓመቱ ነበር።

ከትያትር ቤት ወደ ትምህርት ቤት

አንደርሰን በ1819፣ በ14 ዓመቱ፣ ተዋናይ ለመሆን ብቻውን ወደ ኮፐንሀገን ሄደ። ድምፁ ጥሩ ስለነበር የዘፈን ትምህርት ጀመረ፤ በጉርምስና ግን ድምፁ ተለወጠ። ባሌ ዳንስም ሞከረ። በ1822 የንጉሣዊው ትያትር ቤት ለሙያው አትሆንም ብሎ አሰናበተው።

ከትያትር ቤቱ ኃላፊዎች አንዱ የነበረው ዮናስ ኮሊን ግን ልጁ ተሰጥኦ እንዳለው አመነ። ከንጉሥ ፍሬድሪክ 6ኛ ገንዘብ አስፈቅዶም ስላገልሰ ወደምትባል ከተማ ለትምህርት ላከው። አንደርሰን በ17 ዓመቱ በዕድሜ በጣም ከሚያንሱት ልጆች ጋር ተቀምጦ ተማረ። ርዕሰ መምህሩ ሲሞን ማይስሊንግ ያፌዝበት ስለነበር፣ እነዚያን ዓመታት ከሕይወቱ ሁሉ የከፉ አድርጎ ያስታውሳቸው ነበር። በ1828 የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናን አለፈ። በ1835 የመጀመሪያ ልብ ወለዱና የመጀመሪያዎቹ ተረቶቹ ታተሙ።

«አስቀያሚው የዳክዬ ጫጩት»

ተረቱ የታተመው ኖቬምበር 11 ቀን 1843 ነው። የቀድሞዎቹ የተረት መጻሕፍቱ ለልጆች የተተረኩ መሆናቸው በርዕሳቸው ላይ ይገለጽ ነበር፤ በዚህኛው መጽሐፍ ግን ያ ሐረግ ቀርቷል።

በተረቱ ውስጥ ከሌሎቹ የተለየ ጫጩት ከዳክዬዎች መካከል ይፈለፈላል። በግቢው ያሉት ሁሉ ስለሚነክሱትና ስለሚያንቋሽሹት ይሸሻል። በአንዲት አሮጊት ቤት ያገኛቸው ዶሮና ድመትም ዕንቁላል መጣልና ጀርባ ማጉበጥ ስለማይችል አስተያየት የመስጠት መብት የለህም ይሉታል። በክረምት በረዶ ውስጥ ተይዞ ከሞት ለጥቂት ይተርፋል። ጸደይ ሲመጣ በውኃው ላይ መልኩን ያያል፤ ለካ እርሱ ስዋን የሚባለው አንገተ ረጅም ነጭ ወፍ ኖሯል።

ተረቱ ብዙ ጊዜ ስለ መልክ እንደሚያወራ ተደርጎ ይወሰዳል። ከደራሲው ሕይወት ጋር ሲነጻጸር ግን ይበልጥ የሚታየው የመደብ ጉዳይ ነው። በግቢው ትልቅ ክብር ያላት ዳክዬ የምትከበረው በዘሯ ነው። የልብስ አጣቢ ልጅ የነበረው አንደርሰንም በኮፐንሀገን ባለጸጎች ቤት እየተጋበዘ እንኳ እንግዳ ሆኖ ኖሯል። በ1831 የዮናስ ኮሊንን ልጅ ኤድቫርድን እንደ ወንድም «አንተ» እንባባል ብሎ ጠይቆት ነበር። በዴንማርክኛም እንደ አማርኛው የአክብሮትና የቅርበት አጠራር ይለያያል። ኤድቫርድ ግን እምቢ አለ። ይህ ቅሬታ በ1847 በታተመው «ጥላው» በተባለው ተረት ውስጥም ይታያል።

ተረቱና ሕይወቱ የሚለያዩበት ቦታም አለ። ጫጩቱ ስዋን የሆነው ከስዋን ዕንቁላል ስለተፈለፈለ ነው፤ ማንም አላስተማረውም። አንደርሰንን ለደራሲነት ያበቃው ግን ተሰጥኦው ብቻ ሳይሆን የኮሊን ድጋፍ፣ የንጉሡ ገንዘብና ያ የተማረረበት ትምህርት ቤት ጭምር ነው። ዴንማርካዊው ሃያሲ ጌኦርግ ብራንደስ ደግሞ መጨረሻውን ነቅፏል። በእርሱ አመለካከት ወፉ በነጻነት መብረር ሲገባው በሰው አትክልት ቦታ የዳቦ ፍርፋሪ የሚጣልለት ለማዳ ሆኖ ቀርቷል።

የመጨረሻ ዓመታት

በ1855 የሕይወት ታሪኩን «የሕይወቴ ተረት» በሚል ርዕስ በዴንማርክኛ አሳተመ። በ1867 ኦዴንሴ የክብር ዜግነት ሰጠችው፤ ለክብሩም ከተማዋ በመብራት አሸበረቀች። አንደርሰን አላገባም። በ1875 በኮፐንሀገን አቅራቢያ በወዳጆቹ በሜልኪዮር ቤተሰብ ቤት አርፎ በአሲስተንስ መቃብር ተቀበረ። ኤድቫርድ ኮሊንና ባለቤቱም ሲሞቱ ከጎኑ ተቀብረው ነበር። በኋላ ግን አስከሬናቸው ወደ ኮሊን ቤተሰብ መቃብር ስለተዛወረ አንደርሰን ዛሬ በዚያ መቃብር ብቻውን ይገኛል።