ዐፄ ፋሲል፡- ከሁለት ወንዞች መካከል እስከ ጣና

ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ በ1603 በሸዋ ቡልጋ ተወለዱ። አባታቸው ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት የመንግሥት ሃይማኖት በማድረጋቸው አገር በጦርነት ታመሰ፤ በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ። ፋሲል የተዋሕዶ እምነትን መልሰው፣ ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጥተው ሕዝቡን አረጋጉ።

በ1636 ጎንደርን በአንገረብ እና በቀሃ ወንዞች መካከል ቆረቆሩ። ግንቡን በድንጋይና በኖራ አሳነጹ። በስማቸው የሚጠራው ባሕረ ጥምቀት ዛሬም ከቀሃ በሚጠለፍ ውሃ በየዓመቱ ለጥምቀት ይሞላል። በርካታ ጥንታዊ የድንጋይ ድልድዮችም የእሳቸው ሥራ እንደሆኑ ይነገራል።

በ1667 አርፈው በጣና ሐይቅ፣ በደጋ እስጢፋኖስ ገዳም ተቀበሩ። የከተማቸው ወንዞችም መድረሻቸው እዚያው ነው፤ አንገረብና ቀሃ ውሃቸውን ለመገጭ ይሰጣሉ፣ መገጭም ደንቢያን አቋርጦ ጣና ይገባል።

ጣና በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ሲመዘገብ ጥብቅ፣ መከላከያ እና የልማት ቀጠና ተብሎ ተከልሏል። ደንገል የሚበቅልበት ረግረግ ዓሣ ይራባበታል፣ ደለል ይጣራበታል። ነገር ግን ከጎንደር ዙሪያ ተዳፋት የሚታጠበው አፈር በመገጭ ወርዶ ዳርቻውን ከሞላው፣ በሐይቁ ዙሪያ የተሰመረ ወሰን ብቻውን ረግረጉን አያድነውም። የጥበቃ እቅዱ ከወንዞቹ መነሻ መጀመር አለበት። በአንገረብና በቀሃ ራስጌ እርከን የሚሠራ፣ የተራቆተ ተዳፋትን ከልቅ ግጦሽ የሚከልል አርሶ አደር የራሱን ማሳ ብቻ ሳይሆን ንጉሡ ያረፉበትን ሐይቅም ይጠብቃል።