ጠላውን ማን አበላሸው?

አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከጳውሎስ ሆስፒታል ብዙም ሳይርቅ፣ ሰው ሁሉ «ፓስተር» እያለ የሚጠራው አካባቢ አለ። ልጅ እያለሁ የሆነ የቸርች ፓስተር ስም ይመስለኝ ነበር። ለካ ስሙ የቀረው እዚያ ከነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው፤ ዛሬ በቦታው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይገኛል። ስሙ ደግሞ የፈረንሳዊው ሳይንቲስት የሉዊ ፓስተር ነው። ብዙዎቻችን ሰውየውን የምናውቀው በእብድ ውሻ ክትባትና በታሸገ ወተት ላይ በምናነበው ፓስቸራይዝድ በሚለው ቃል ነው። እኔ ግን በቅጡ ያወቅኩት በጠላ በኩል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴ ለፋሲካ ሁለት ጋን ጠላ ጠመቀች። ጌሾው አንድ፣ ብቅሉ አንድ፣ ውሃው አንድ። በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው አንዱ ጋን ሸጋ ሆኖ ወጣ፤ ሌላው ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተተ። የወጣው ብር፣ ማገዶው፣ የስንት ቀን ድካም ሁሉ ሜዳ ላይ ቀረ።

ቤት ውስጥ ጥፋተኛ ለማግኘት ግን ጊዜ አልፈጀም። ጠላው ከተደፈደፈ በኋላ አንዲት ጎረቤታችን ወንፊት ልትዋስ መጥታ ጋኖቹን አይታ ነበር። ወላጆቿ ሸክላ ሠሪዎች ናቸው ይባላል። የቀረውን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ዓይኗ ነው ተባለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቡና መጠራራቱ ቀረ፣ ሰላምታውም ቀዘቀዘ። ጠላው የተጠመቀበት ጋን ራሱ የሸክላ ሠሪ እጅ ሥራ መሆኑን ማንም አላስታወሰም።

እኔም ዝም አልኩ። ጠላው ለምን እንደተበላሸ አላውቅማ፤ ምን ብዬ ልከራከር? ጥያቄው ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ በፊት ተጠይቆ መልስ እንዳገኘ የገባኝ በኋላ ስለ ፓስተር ሳነብ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሉዊ ፓስተር የተወለደው ዲሴምበር 27 ቀን 1822 በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ዶል በምትባል ከተማ ነው። አባቱ በናፖሊዮን ጦር ውስጥ ሳጅን የነበረ፣ በኋላም ቆዳ እያለፋ ቤተሰቡን ያስተዳደረ ሰው ነው። ልብ በሉ፤ እኛ ሰፈር ቢወለድ ኖሮ የቆዳ ፋቂ ልጅ ተብሎ ከጎረቤታችን ጋር አንድ ላይ ይፈረጅ ነበር። ያደገው በወይን ጠጇ በምትታወቀው አርቧ ነው። በልጅነቱ ጎበዝ ሠዓሊ እንጂ ጎበዝ ተማሪ የሚባል አልነበረም። እንዲያውም አንድ ፈተና ላይ በኬሚስትሪ ያገኘው ውጤት መካከለኛ የሚባል ነበር። ፈተና ስለከበደው አይተወውም፤ በ1843 ፓሪስ የሚገኘው ታዋቂው ኤኮል ኖርማል ገባ።

በ1854 በሊል ከተማ የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን ሆነ። ሊል የፋብሪካ ከተማ ናት። በ1856 የአንድ ተማሪው አባት፣ ቢጎ የሚባል ባለፋብሪካ፣ ጭንቅ ውስጥ ገብቶ መጣ። ሰውየው ስኳር ከሚወጣበት የቀይ ስር ዓይነት አልኮል ያመርታል። አንዳንዱ በርሜል ጥሩ አልኮል ይሰጣል፤ አንዳንዱ ግን ይሆመጥጥና ኪሳራ ይሆናል። ያው የእናቴ ሁለት ጋን ማለት ነው።

ፓስተር ፋብሪካው ድረስ እየተመላለሰ ናሙና ወሰደ፣ ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀመጠ። ከደህናው በርሜል የመጣው ጠብታ ውስጥ ክብ ክብ የሆኑ የእርሾ ሕዋሳት ታዩት። ከተበላሸው በርሜል ውስጥ ደግሞ ከእርሾው በጣም ያነሱ፣ እንደ በትር ቀጠን ያሉ ነገሮች ሲርመሰመሱ አየ። እነዚህ ስኳሩን ወደ አልኮል ሳይሆን ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል። በርሜሉ ውስጥ ያልተጠራ እንግዳ ገብቶ ማዕዱን እየበላ ነበር።

ያን ጊዜ ታላቁ ጀርመናዊ ኬሚስት ሊቢግ መብላላት የኬሚካል መፈራረስ ብቻ ነው ብሎ ያስተምር ነበር። እርሾ ሕይወት አለው ያሉ ሳይንቲስቶች ከፓስተር በፊትም ነበሩ፤ ሰሚ ግን አላገኙም። ፓስተር በ1857 ስለ ላክቲክ መብላላት ባቀረበው ጽሑፍ የተለያየ የመብላላት ዓይነት የተለያየ ሕያው ሠራተኛ እንዳለው ተከራከረ።

ቀጣዩ ጥያቄ ግልጽ ነው። እንግዶቹ ከየት መጡ? ብዙ ምሁራን ከፈሳሹ ከራሱ ይፈጠራሉ ይሉ ነበር። ፓስተር አንገታቸው እንደ ዝይ አንገት የተቆለመመ የብርጭቆ ዕቃዎች አሠርቶ በውስጣቸው ፈሳሽ አፈላ። አየር እንደልቡ ይገባል፤ አቧራው ግን ጠመዝማዛው ላይ ይቀራል። ፈሳሹ ሳይበላሽ ቆየ። አንገቱ ሲሰበር ግን ብዙም ሳይቆይ ደፈረሰ።

በ1860 ደግሞ የታሸጉ ዕቃዎችን ይዞ ተራራ ወጣ። በየቦታው ሃያ ሃያ ከፍቶ መልሶ አሸጋቸው። ከተራራው ግርጌ ከተከፈቱት 8ቱ ተበላሹ፤ ከፍ ባለው ኮረብታ ላይ 5ቱ፤ በረዶ ግግር አጠገብ፣ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ፣ 1 ብቻ። አየሩ ንጹሕ በሆነ ቁጥር ብልሽቱ ይቀንሳል። እኔ ኢኮኖሚክስ ስማር ብዙ ሠንጠረዥ አይቻለሁ፤ በሦስት ቁጥር ይህን ያህል የሚናገር ግን ትዝ አይለኝም።

ከዚያ የወይን ጠጅ በሽታ መጣ። ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሦስተኛ እንዲያጠና ጠየቁት፤ እሱም ወይኑን ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ለአጭር ጊዜ ማሞቅ እንደሚጠብቀው አሳየ። ፓስቸራይዝድ የሚለው ቃል ከዚህ የመጣ ነው።

የግል ሕይወቱ ግን ከባድ ነበር። ከባለቤቱ ከማሪ ከወለዳቸው አምስት ልጆች ሦስቱን ሴቶች በልጅነታቸው ቀበረ፤ ሁለቱን የወሰደው ታይፎይድ ነው። በ1868፣ ገና በ45 ዓመቱ፣ ስትሮክ መታውና የግራ ጎኑ ሽባ ሆነ። ብዙ ሥራውን የሠራው ከዚያ በኋላ፣ ማሪ እየጻፈችለት፣ ረዳቶቹ እጅ እየሆኑት ነው።

ቢራ ውስጥ የገባው ደግሞ በንዴት ነው። በ1870 ጀርመኖች ፈረንሳይን ወረው አሸነፉ። ልጁ ጦርነቱ ላይ ነበር። ፓስተር የጀርመኑ ቦን ዩኒቨርሲቲ የሰጠውን የክብር ዲግሪ መለሰ። ጀርመን በቢራዋ ትታወቃለች፤ ስለዚህ የተሻለ ቢራ ሠርቶ ሊበቀላት ተነሣ። ራሱ ግን ቢራ ይህን ያህል የሚወድ ሰው አልነበረም ይባላል።

በ1871 ክሌርሞን ፌራን አቅራቢያ ያለች አንዲት ትንሽ ጠመቃ ቤት ውስጥ ሥራ ጀመረ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ለንደን ወደሚገኘው ዊትብሬድ ፋብሪካ ሄደ። እርሾውን በማይክሮስኮፕ አይቶ በሽታ እንዳለበት ነገራቸው። ለካ እነሱም የተበላሸ ቢራ ነበራቸው፤ ማመን ግን አልፈለጉም። ከሳምንት በኋላ ሲመለስ ማይክሮስኮፕ ገዝተው አገኛቸው።

በ1876 ያሳተመው የቢራ ጥናት በአጭሩ ሦስት ነገር ይላል። አንደኛ፣ የብቅሉ ጭማቂ ሲፈላ ጀርሞቹ ይሞታሉ። ሁለተኛ፣ አደጋው ያለው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያኔ ጠማቂዎች በሰፋፊ ክፍት ዕቃ ያቀዘቅዙት ስለነበር አቧራ እንደልቡ ይገባ ነበር። ስለዚህ ተከድኖ ይቀዝቅዝ። ሦስተኛ፣ እርሾው ራሱ ንጹሕ ይሁን፤ ከታመመ ጠመቃ የተወሰደ እርሾ በሽታውን ለሚቀጥለው ያወርሰዋልና።

ሁሉን ጨረሰ ማለት ግን አይደለም። የእሱ ዘዴ ባክቴሪያን ቢያስወግድም ያልተፈለገ የእርሾ ዝርያን መለየት አልቻለም። ያንን የፈታው በ1883 ዴንማርክ ውስጥ፣ ካርልስበርግ ላቦራቶሪ የሚሠራው ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን ነው። ከአንዲት ሕዋስ ብቻ ተነሥቶ ንጹሕ እርሾ አራባ፤ ካርልስበርግም ዘዴውን ለተፎካካሪዎቹ ሳይቀር በነጻ ሰጠ። በበቀል የተጀመረ ሥራ በልግስና ተቋጨ።

የቀረውን ታሪክ ታውቁታላችሁ። ጠመቃን የሚያሳምም ጀርም ካለ ሰውንና ከብትንም የሚያሳምም አለ የሚለው ሐሳብ አባ ሠንጋ፣ ከዚያም የእብድ ውሻ ክትባት ላይ አደረሰው። በጁላይ 1885 ውሻ የነከሰውን የ9 ዓመቱን ዦዜፍ ማይስተርን ከተበው፤ ልጁም ተረፈ። በ1888 ፓሪስ ላይ የፓስተር ኢንስቲትዩት ተመረቀ። ሰውየው መልአክ ግን አልነበረም። በ1881 በሕዝብ ፊት ባሳየው የአባ ሠንጋ ሙከራ የተጠቀመው ክትባት በረዳቱ ዘዴ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ሕዝቡ የእሱ ዘዴ እንደሆነ ሲያምን ዝም ብሏል። ይህ የታወቀው ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ማስታወሻ ደብተሮቹ ሲከፈቱ ነው። ጀርም ፈርቶ ሰው መጨበጥ የማይወድ፣ ግብዣ ላይ ብርጭቆውን የሚወለውል ሰው እንደነበርም ይነገርለታል። ሴፕቴምበር 28 ቀን 1895 በ72 ዓመቱ አረፈ።

ወደ ጋናችን ልመለስ። እናቶቻችን ማይክሮስኮፕ ሳያዩ ብዙውን አውቀውታል። ጋኑ በግራዋ ይታሻል፣ በወይራ ይታጠናል፣ አፉ ይመረጋል። ጌሾውም ከማምረሩ ሌላ አንዳንድ ባክቴሪያዎችን ይገታል። እርግጥ ጠላ እንደ ፋብሪካ ቢራ በአንድ ንጹሕ እርሾ ብቻ አይሠራም፤ መጠነኛ መኮምጠጥ የጣዕሙ አካል ነው። ኮምጣጤ የሚያደርገው ባክቴሪያ ግን አየር ይፈልጋል። ጋኑ በተከፈተ ቁጥር፣ ያልታጠበ ዕቃ በገባ ቁጥር በር ይከፈትለታል።

ይህን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያን ፋሲካ ጠላው ደርሶ እንደሆነ ለማየት በየቀኑ ከጓዳ እየገባሁ፣ ያገኘሁትን ጣሳ እየነከርኩ ስቀምስ የነበርኩት እኔ ነኝ። የምቀምሰውም ከአንዱ ጋን ብቻ ነበር፤ በር አጠገብ ካለው። የተበላሸውም እሱ ነው። ናሙናውን በማይክሮስኮፕ አላየነውምና እምላለሁ አልልም። ግን ከጎረቤታችን ዓይን ይልቅ የእኔ ጣሳ ጠላው ውስጥ መግባቱ እርግጥ ነው።

ለእናቴ ነገርኳት። ፓስተርንም፣ ጣሳውንም። ምንም አልመለሰችልኝም፤ ሥራዋን ቀጠለች። ለእንቁጣጣሽ ጠላ ስትጠምቅ ግን ወንፊት ተዋስ ብላ ወደዚያች ጎረቤታችን ቤት ላከችኝ። የእኛ ወንፊት ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር።