የቀበቶው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን

ከአራት ኪሎ ተነሥቶ ወደ መርካቶ በሚሄድ ታክሲ ጋቢና ተቀምጦ የሚያውቅ ተማሪ ሁሉ ይህን ነገር ሳያይ አልቀረም። ሾፌሩ የትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሲያይ ቀበቶውን ሳብ አድርጎ በደረቱ ላይ ያሳልፍና ጫፉን ከጭኑ ሥር ሸጐጥ ያደርገዋል፤ ወደ ዘለበቱ ግን አያስገባውም። ፖሊሱን እንዳለፈ ይለቀዋል፤ ቀበቶውም ወደ ቦታው ይመለሳል። ከጐኑ የተቀመጥነውም ፈገግ ብለን ዝም እንላለን፤ የራሳችንን ቀበቶ እንኳ አንነካውም። አንድ ቀን ከመካከላችን አንዱ ይህን ቀበቶ መጀመሪያ የሠራው ማን ይሆን ብሎ ጠየቀ። የሚያውቅ ጠፋ። በታክሲው ውስጥ የቴክኖሎጂ ተማሪዎችም ነበሩ፤ እንዳያፍሩ ብለን የስንተኛ ዓመት ተማሪዎች እንደ ነበሩ አንገልጽም። ይህ ጽሑፍ የመጣው ከዚያ ጥያቄ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኒልስ ቦሊን የተወለደው ጁላይ 17 ቀን 1920 በስዊድን አገር፣ በባሕር ዳር በምትገኘው በሄርነሳንድ ከተማ ነው። በ1939 የመካኒካል ምሕንድስና ትምህርቱን ፈጸመ። በዚያው ዓመት ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ስዊድን በጦርነቱ ውስጥ አልገባችም፤ ነገር ግን ጐረቤቶቿ ኖርዌይና ዴንማርክ ሲያዙ እያየች እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። የጦር አውሮፕላኖቿን በራሷ ፋብሪካ መሥራቷን አጠናከረች። ቦሊንም በ1942 ሳብ በተባለው የአውሮፕላን ፋብሪካ ተቀጠረ። ይህ ፋብሪካ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። ከጦርነቱ በኋላ በስዊድናውያን አሠልጣኞች እርዳታ የተደራጀው የኢትዮጵያ አየር ኃይል ቢሾፍቱ ላይ ያበራቸው የነበሩት ሳብ 17 የተባሉት ቦምብ ጣዮችና ሳፊር የተባሉት የማሠልጠኛ አውሮፕላኖች የዚሁ ኩባንያ ሥራዎች ነበሩ።

የቦሊን ሥራ የአብራሪዎች መቀመጫ ነበር። መቀመጫ ሲባል ቀላል ነገር ይመስላል። ነገር ግን ኩባንያው በዚያ ዘመን የሠራው ሳብ 21 የተባለ ተዋጊ አውሮፕላን ፕሮፔለሩ እንደ ሌሎቹ ከፊት ሳይሆን ከአብራሪው በስተኋላ ነበር። አብራሪው አደጋ ደርሶበት በጃንጥላ ለመውረድ ቢዘል ፕሮፔለሩ ይቈራርጠዋል። ስለዚህ ሰውየውን ከነመቀመጫው በባሩድ ኃይል ወደ ላይ የሚያስፈነጥር መሣሪያ አስፈለገ። ቦሊን ለብዙ ዓመታት የደከመው እንዲህ ባለው መቀመጫ ላይ ነው። ከዚህም ሥራ የሰው ገላ ድንገተኛ ኃይል ሲያርፍበት የትኛው አጥንት ችሎ እንደሚያልፍ፣ የትኛው የሆድ ዕቃ እንደሚጐዳ አጥብቆ ተማረ። አንድ ሌላም ነገር ተማረ፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

አሁን ወደ መኪናው ፋብሪካ እንሻገር፤ ያለ እሱ የቦሊን ታሪክ አይሟላምና። ጋራዥ የገባ ሰው ሁሉ ኩሽኔታን ያውቃል። በዓለም ከታወቁት የኩሽኔታ ፋብሪካዎች አንዱ በስዊድን በጎተንበርግ ከተማ የሚገኘው ኤስ.ካ.ኤፍ. ነው። በዚህ ኩባንያ የሽያጭ ክፍል ይሠራ የነበረው አሳር ጋብሪኤልሶንና መሐንዲሱ ጉስታፍ ላርሶን በ1924 ተገናኝተው፣ የአገሩን ብርድና የአገሩን ኰረኰንች መንገድ የሚችል የስዊድን መኪና እንሥራ ብለው ተስማሙ። ጋብሪኤልሶን መሐንዲስ አልነበረም፤ በስቶክሆልም የንግድ ትምህርት የተማረ ሰው ነበር። የንግድ ሥራ ተማሪዎች የሆኑት ጓደኞቻችን ይህን ዓረፍተ ነገር ደጋግመው እንደሚያነቡት እናውቃለን። የመጀመሪያዎቹን ዐሥር የሙከራ መኪናዎች ያሠራው ከገዛ ኪሱ ባወጣው ገንዘብ ነው። ኤስ.ካ.ኤፍ. ነገሩን አይቶ ካመነበት በኋላ ገንዘብም ስምም ሰጣቸው። ቮልቮ የሚለው ስም ቀደም ብሎ የተመዘገበ ሲሆን በላቲን ቋንቋ እንከባለላለሁ ማለት ነው፤ ለኩሽኔታ ተብሎ የወጣ ስም መሆኑ ከዚህ ይታወቃል። የመጀመሪያው መኪና ከፋብሪካው የወጣው አፕሪል 14 ቀን 1927 ነው። የኋላው ጥርስ በግልባጭ ተገጥሞ ስለ ነበር መኪናው ወደ ፊት ሲነዱት ወደ ኋላ ሄደ እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል። በዚያ ዓመት የተሸጡት 297 መኪናዎች ብቻ ነበሩ።

ሁለቱ መሥራቾች ከሁሉ በፊት የሰውን ደኅንነት እናስቀድማለን ይሉ እንደ ነበር ይነገራል። ስለ ራሱ ዕቃ እንዲህ የማይል ነጋዴ የለምና እኛ ከቃሉ ይልቅ ሥራውን ማየት እንመርጣለን። ፒ.ቪ. 444 የተባለው መኪና በ1944 ለሕዝብ ሲታይ የፊት መስተዋቱ በግጭት ጊዜ እንደ ቢላ የማይበታተን፣ በሁለት መስተዋት መካከል ስስ ሽፋን የገባበት ነበር። በ1954 ደግሞ ኩባንያው አዲስ ነገር አመጣ፤ ይኸውም መኪናው በአምስት ዓመት ውስጥ በአደጋ ቢጐዳ ከተወሰነ ገንዘብ በላይ ያለውን የጥገና ወጪ ፋብሪካው እንዲችል የሚያደርግ ዋስትና ነበር። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ይህን አልወደዱትም። ገዢዎች ግን ወደዱት። ዋስትናው ሌላም ያልታሰበ ጥቅም ነበረው፤ የተጋጨ መኪና ሁሉ ወረቀት ወደ ፋብሪካው ይመጣ ጀመር።

በ1956 ጋብሪኤልሶን የዲሬክተርነቱን ሥራ ለጉናር ኤንጌላው አስረከበ። ኤንጌላው አንድ ዘመዱ በመኪና አደጋ ሞቶበት ነበር፤ ለሞቱም የዚያን ጊዜው ቀበቶ ጉድለት ድርሻ እንደ ነበረው ይነገራል። አዎን፣ ቀበቶ ከቦሊን በፊትም ነበር፤ ይህን መደበቅ አይገባም። በአሜሪካ አንዳንድ መኪናዎች በወገብ ላይ ብቻ የሚታሠር ቀበቶ ነበራቸው። በስዊድን ደግሞ ከትከሻ ወደ ጐን በደረት ላይ ብቻ የሚያልፍ ቀበቶ ተለምዶ ነበር፤ ቮልቮም በ1957 ለዚህ ዓይነቱ ማሰሪያ የሚሆን ቦታ በመኪናዎቹ ላይ አበጅቶ ነበር። የወገቡ ቀበቶ ሰውየውን ከመፈናጠር ቢያድነውም ሆዱን ይቈርጠዋል፤ ከወገብ በላይ ያለው ገላ ስላልተያዘ ጭንቅላቱ ከመሪው ጋር ይጋጫል። የደረቱ ቀበቶ ደግሞ ዘለበቱ ከጐድን አጥንት ጋር ይፋጫል፤ ገላም ከሥሩ ሹልክ ብሎ ይወጣል። በ1955 ሁለት አሜሪካውያን፣ ግሪስዎልድና ዲሄቨን፣ ደረትንና ወገብን ባንድነት የሚይዝ ቀበቶ በስማቸው አስመዝግበዋል፤ ነገር ግን የእነሱ ቀበቶ ዘለበት ከሆድ ላይ የሚውል ነበር።

ኤንጌላው በ1958 ቦሊንን ከአውሮፕላኑ ፋብሪካ አስመጥቶ በቮልቮ የደኅንነት መሐንዲስ አድርጎ ቀጠረው። ቀደም ሲል ቦሊን የተማረው ሌላ ነገር አለ ያልነው እዚህ ላይ ይጠቅማል። አብራሪ ነፍሱን ለማትረፍ የታዘዘውን ማሰሪያ ሁሉ፣ አራትም ይሁን አምስት፣ ሳያጕረመርም ይታጠቃል። ተራ ሰው ግን እንዲህ አይደለም። ልጁን ትምህርት ቤት ለማድረስ ወይም ዳቦ ለመግዛት ሲወጣ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ መጨነቅ አይፈልግም። ስለዚህ ለአብራሪ የሚሆነውን እንዳለ ወደ መኪና ማምጣት ዋጋ እንደሌለው ቦሊን ገባው። ከሁሉ የጠነከረ ቀበቶ ቢሠራ ሰው ካልታጠቀው ጨርቅ ነው። እኛ የዚህ ሰው ትልቅነት እዚህ ላይ ነው እንላለን፤ ከብረቱና ከጨርቁ አስቀድሞ የሰነፉን ሰው ጠባይ አጠና።

የነገሩን ክብደት ለመረዳት ጥቂት ስሌት ይበቃል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና ከግንብ ጋር ሲጋጭ መኪናው ይቆማል፤ ሰውየው ግን ገና አልቆመም። በዚያው ፍጥነት ወደ መሪው፣ ወደ መስተዋቱ ይሄዳል። የፊዚክስ ክፍል ጓደኞቻችን በአንድ መስመር እንደሚያሰሉት ይህ ከ14 ሜትር ከፍታ ወድቆ መሬት ላይ እንደ መፈጥፈጥ ነው። ብዙ ሰው አደጋ ቢመጣ በእጄ እደገፋለሁ ይላል። ከ14 ሜትር ወርዶ በእጁ የሚደገፍ ካለ ቀበቶ አያስፈልገውም።

የቦሊን መልስ ሲያዩት እጅግ ቀላል ነው። አንድ ረጅም ቀበቶ ከትከሻ በላይ ይነሣና ደረትን አቋርጦ ወደ ዳሌ ጐን ይወርዳል፤ እዚያ በዘለበቱ ላይ ታጥፎ በጭን ሥረ መሠረት በኩል ወደ ሌላው ጐን ይሄዳል። የታችኞቹ ሁለት መያዣዎች ከመቀመጫው ግራና ቀኝ ዝቅ ብለው ከወለሉ አጠገብ የተተከሉ ናቸው። ዘለበቱ ከሆድ ላይ ሳይሆን ከዳሌ ጐን ይውላል። በዚህ አኳኋን የግጭቱ ኃይል የሚያርፈው በገላ ላይ ጠንካራ በሆኑት በደረት አጥንትና በዳሌ አጥንት ላይ ነው፤ ለስላሳው ሆድ ይተርፋል። ቀበቶው ሲሳብም ከቦታው አይንሸራተትም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በአንድ እጅ፣ በአንድ እንቅስቃሴ ይታሠራል። የመጀመሪያው ቀበቶ እንደ ዛሬው ራሱን የሚጠቀልል አልነበረም፤ ይህ ኋላ የተጨመረ ነው።

ይህን ሁሉ የሠራው አንድ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። የፈጠራ መብቱ ማመልከቻ በኦገስት 1958 ገባ። ቀበቶው የተገጠመለት የመጀመሪያው መኪና፣ ፒ.ቪ. 544 የተባለው፣ ኦገስት 13 ቀን 1959 ክሪስቲያንስታድ በምትባል ከተማ ለሚገኝ ሻጭ ተሰጠ። የአሜሪካ መንግሥት በጁላይ 1962 የሰጠው የፓተንት ቍጥር 3,043,625 ነው።

ቮልቮ ይህን መብት ለብቻው ይዞ ከሌሎቹ የመኪና ፋብሪካዎች ሁሉ ኪራይ ሊሰበስብበት ይችል ነበር። አላደረገውም። ማንም ፋብሪካ ሳይከፍል እንዲጠቀምበት ለቀቀው። ይህን ደግነት ነው የሚሉ አሉ፤ የንግድ ብልኀት ነው የሚሉም አሉ። በመካከላችን በዚህ ላይ ክርክር ተነሥቶ ሌሊቱን ፈጅተናል። ደኅንነት የሚሸጥ ኩባንያ ስሙ በዓለም መኪና ሁሉ ውስጥ ሲነሣ ይጠቀማል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ብዙ ኩባንያዎች ተመሳሳይ ዕድል አግኝተው ገንዘቡን መርጠዋል። በጋቢናው ለሚቀመጠው ሰው የነጋዴው ልብ ምን ነበር የሚለው ጥያቄ ብዙም አይጠቅመውም፤ ቀበቶው ግን አለለት።

ታዲያ ቀበቶው ተሠራ እንጂ ሰው አልታጠቀውም። በስዊድን እንኳ ብዙ ባለመኪናዎች እንደ ጌጥ ይመለከቱት ነበር። አንዳንዱ መኪናው ቢቃጠል እታሠራለሁ ብሎ ፈራ፤ አንዳንዱ መንዳት አታውቅም የተባለ መስሎት ተቈጣ። ቦሊን በክርክር ፈንታ ወረቀት ሰበሰበ። በአንድ ዓመት ውስጥ በስዊድን የቮልቮ መኪናዎች የደረሰባቸውን ከ28,000 የሚበልጡ ግጭቶች መርምሮ በ1967 ውጤቱን በአሜሪካ አገር በተደረገ የባለሙያዎች ስብሰባ ላይ አቀረበ። ቀበቶ ያልታጠቁት በዝቅተኛ ፍጥነትም ጭምር ሞተዋል፤ ቀበቶ ከታጠቁት መካከል ግን በሰዓት 60 ማይል፣ ማለት ወደ 100 ኪሎ ሜትር ከሚጠጋው ፍጥነት በታች አንድም የሞተ አልተገኘም። ይህ ሪፖርት በጥቂት መኪናዎች ላይ የተደረገ ሙከራ አልነበረም። ሥራቸው ሲሄዱ፣ ዘመድ ሲጠይቁ፣ ከበረዶ ላይ ሲንሸራተቱ የተጋጩ የሺህ ባለመኪናዎች ታሪክ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሕግ መጣ። በአውስትራሊያ የቪክቶሪያ ክፍለ አገር በ1970 ቀበቶ መታጠቅን ግዴታ አደረገ። ስዊድን ራሷ ከፊት ለሚቀመጡ ሰዎች ያወጀችው በ1975 ነው፤ ከመጀመሪያው ቀበቶ ወዲህ ዐሥራ ስድስት ዓመት ያህል ቈይታ ማለት ነው። በዚህ መካከል በ1967 ስዊድናውያን መኪናቸውን ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት አዛውረዋል። በዚህ እንኳ ኢትዮጵያ በሦስት ዓመት ቀድማቸዋለች፤ እኛ በ1964 ነው የዞርነው። በቀበቶው ግን አልቀደምናቸውም።

የቮልቮ ስም በዚህ ዓይነት ከደኅንነት ጋር ተጣበቀ። ባለመኪናዎቹም ስለ መኪናቸው እንደ ዘመድ የሚያወሩ ሰዎች ሆኑ። ከእነዚህ አንዱ በ1966 ፒ.1800 የተባለ ቀይ መኪና የገዛ የኒውዮርክ አስተማሪ ነው። በዚያችው መኪና ሲነዳ ኖሮ በ2013 ሦስት ሚሊዮን ማይል ሞላ። ይህ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ስንት ጊዜ ደርሶ እንደ መመለስ እንደሚሆን ሾፌሮቻችን ያስሉት።

ቦሊን ራሱ ብዙ የሚናገር ሰው ሆኖ አልታየም። ከቀበቶው በኋላ በኩባንያው የምርምር ክፍል ኃላፊ ሆኖ ሠራ፤ ከጐን የሚመጣ ግጭትን የሚመክት አሠራርንም አጠና። ጡረታ የወጣው በ1985 ነው። በዚያው ዓመት የጀርመን የፓተንት መሥሪያ ቤት ቀበቶውን ባለፉት መቶ ዓመታት ለሰው ልጅ እጅግ ከጠቀሙት ስምንት ፓተንቶች አንዱ ብሎ መረጠው። በ1995 የስዊድን የምሕንድስና ሳይንስ አካዳሚ የወርቅ ሜዳይ ሰጠው። ቮልቮ ቀበቶው 50 ዓመት በሞላው ጊዜ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አድኗል ብሎ ገምቷል፤ ግምቱ የኩባንያው መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

በ2002 የአሜሪካ የፈጠራ ሰዎች የክብር አዳራሽ ስሙን ከኤዲሶንና ከመሰሎቹ ጋር ለመጻፍ ወሰነ። ሥነ ሥርዓቱ የተደረገው በኦሃዮ ነበር፤ ቀኑም ሴፕቴምበር 21። ቦሊን አልተገኘም። በዚያው ቀን በስዊድን አገር በ82 ዓመቱ ዐረፈ።