ስም ሸፍነው እውነትን የገለጡት ኤቭሊን ሁከር

በሎስ አንጀለስ ከተማ ሚድ ዊልሻየር በሚባለው አካባቢ፣ በፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ የከተማው ምክር ቤት በ2002 ትንሿ ኢትዮጵያ ብሎ በይፋ የሰየመው ሰፈር ይገኛል። ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወደ ምዕራብ ሲኬድ ዩሲኤልኤ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ይደረሳል። ከዛሬ ሰባ ዓመት በፊት በዚህ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩ አንዲት የሥነ ልቦና ምሁር ያካሄዱት ጥናት፣ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች በዓለም ዙሪያ በሐኪም ፊት የሚቆሙበትን ሁኔታ ለውጧል። በፌርፋክስ አቅራቢያ ወደሚገኝ ክሊኒክ የሚገባ ኢትዮጵያዊም የዚህ ለውጥ ተጠቃሚ ነው።

የእኚህ ምሁር ስም ኤቭሊን ሁከር ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የድኻ ገበሬ ልጅ

ኤቭሊን ጄንትሪ ሴፕቴምበር 2 ቀን 1907 በነብራስካ ግዛት ኖርዝ ፕላት በተባለች ከተማ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ከዘጠኝ ልጆች ስድስተኛዋ ነበሩ። አባታቸው የሰው መሬት የሚያርሱ፣ በእኛ አነጋገር ጭሰኛ ሊባሉ የሚችሉ ገበሬ ነበሩ። ከሦስተኛ ክፍል ያላለፉት እናታቸው ግን፣ ማንም ሊነጥቀው የማይችለው ሀብት ትምህርት ብቻ መሆኑን ለልጆቻቸው ደጋግመው ይነግሩ ነበር።

ልጅቷም ምክሩን ሰሙ። በ1924 ወደ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ በሰው ቤት እየሠሩ የሥነ ልቦና ትምህርታቸውን ተከታተሉ። ለዶክትሬት ወደ ዬል ዩኒቨርሲቲ ለመሄድ ቢመኙም የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ለሴት የድጋፍ ደብዳቤ አልጽፍም በማለታቸው ሳይሳካ ቀረ። ፊታቸውን ወደ ጆንስ ሆፕኪንስ አዙረው በ1932 ዶክተር ሆኑ። ብዙም ሳይቆይ የሳንባ ነቀርሳ ያዛቸውና ለረጅም ጊዜ አልጋ ላይ ዋሉ፤ ሲያገግሙ በካሊፎርኒያ ማስተማር ጀመሩ።

በ1937 በተሰጣቸው የትምህርት ዕድል ወደ በርሊን ተጓዙ። የናዚ አገዛዝ በጉልበቱ ጫፍ ላይ የነበረበት ጊዜ ነው። ዶክተር ኤቭሊን ያረፉት በአንድ አይሁዳዊ ቤተሰብ ቤት ነበር። ይህ ቤተሰብ ኋላ በማጎሪያ ካምፕ እንዳለቀ ሲሰሙ የደረሰባቸው ኀዘን ዕድሜ ልካቸውን አልለቀቃቸውም። መንግሥትና ሳይንስ አብረው አንድን ሕዝብ ጉድለት ያለው ፍጡር ነው ብለው ሲፈርዱ ፍጻሜው ምን እንደሚሆን በቅርብ ያዩ ሰው ሆኑ።

ወደ አሜሪካ ሲመለሱ ያስተምሩበት የነበረው ኮሌጅ በጥርጣሬ ዓይን አይቶ አሰናበታቸው። ከዚያ በኋላ ዩሲኤልኤ በኤክስቴንሽን መምህርነት ተቀበላቸው። በዚያም ለሠላሳ ዓመታት ያህል አስተማሩ።

የተማሪው ጥያቄ

በ1940ዎቹ አጋማሽ ከተማሪዎቻቸው መካከል ሳም ፍሮም የተባለ እጅግ ብሩህ ወጣት ነበር። ትምህርቱ ሲያበቃ ከመምህሩ ጋር ወዳጅነት መሠረተ፤ ቀስ በቀስም ከጓደኞቹ ጋር አስተዋወቃቸው። ሁሉም ወንዶችን የሚያፈቅሩ ወንዶች ነበሩ። አንድ ቀን ሳም ያልጠበቁትን ጥያቄ አቀረበላቸው። እኛን አይተሻል፣ ቤታችንን ታውቂያለሽ፣ እንደ እኛ ያሉ ሰዎችን ማጥናት የሳይንስ ግዴታሽ ነው አላቸው።

መጀመሪያ አመነቱ፤ ወዳጅን ማጥናት ከአድልዎ ነጻ አይሆንም ብለው ሰጉ። ነገር ግን በሙያቸው የሚያስተምሩት መጽሐፍ የሚለውና በዓይናቸው የሚያዩት ፈጽሞ አልገጠመም። መጽሐፉ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪነትን ከአእምሮ ሕመሞች ይቆጥር ነበር። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1952 ባወጣው የመጀመሪያው የሕመሞች መዝገብ ላይም እንዲሁ ሰፍሯል። በዚህ ስም የተፈረጀ ሰው ከሥራው ሊባረር፣ ሊታሰርና ያለፈቃዱ ሆስፒታል ሊገባ ይችል ነበር። በሕክምና ስም የኤሌክትሪክ ንዝረት የተሰጣቸው፣ የአንዳንዶቹም አንጎል በቀዶ ጥገና የተነካባቸው ሰዎች ነበሩ።

ዶክተር ኤቭሊን አንድ ቀላል ጉድለት አስተዋሉ። ሐኪሞቹ ያጠኗቸው ሰዎች ሁሉ ከሆስፒታል፣ ከወህኒ ቤት ወይም ከራሳቸው የሕክምና ክፍል የተገኙ ናቸው። ሐኪም በሽተኛን ብቻ እያየ የሰውን ዘር ሁሉ በሽተኛ ነው ቢል፣ ስህተቱ ከመነሻው ነው።

ሥልሳ ሰዎች፣ ሦስት ዳኞች

በ1951 የዩሲኤልኤ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ መምህር የነበሩትን ኤድዋርድ ሁከርን አግብተው ዛሬ የምናውቃቸውን የቤተሰብ ስም ያዙ። በ1953 ለአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም የገንዘብ ድጋፍ ጥያቄ አቀረቡ። ጊዜው መንግሥት በተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪነት የጠረጠራቸውን ሠራተኞች እያሳደደ የሚያባርርበት ነበር። ተቋሙ ሰው ልኮ ካነጋገራቸው በኋላ ድጋፉን ፈቀደ።

ሠላሳ ወንዶችን የሚያፈቅሩ ወንዶችና ሠላሳ ሴቶችን የሚያፈቅሩ ወንዶች ተመረጡ። ከመጀመሪያዎቹ ብዙዎቹን ያገናኛቸው እዚያው ሎስ አንጀለስ በ1950 የተመሠረተው የማታሺን ማኅበር ነው። ሁለቱ ወገኖች በዕድሜ፣ በትምህርትና በአእምሮ ብቃት መለኪያ ተመጣጥነው ጥንድ ጥንድ ሆኑ። በሁለቱም ወገን በሕክምና ላይ ያለ ሰው እንዳይገባ ተደረገ።

ሥራው በዩኒቨርሲቲው ሕንጻ ሊካሄድ አልቻለም፤ ወደ ቢሮው ሲገባ የታየ ሰው ስሙና እንጀራው አደጋ ላይ ይወድቅ ነበርና። ስለዚህ ዶክተር ሁከር በብሬንትውድ ሰፈር ባለው ቤታቸው ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው ቤት ተለይታ በቆመች ክፍል ተቀበሏቸው። ተሳታፊዎቹ የቀለም ጠብታ አይተው የታያቸውን ተናገሩ፤ ሥዕል ተሰጥቷቸው ታሪክ ፈጠሩ። በዚያ ዘመን እነዚህ ፈተናዎች የሰውን የውስጥ ማንነት ይገልጣሉ ተብሎ ይታመን ነበር።

ከዚያ በኋላ ስምና መለያ ሁሉ ከመልሶቹ ላይ ተነሣ። መዝገቦቹም በየፈተናው አንቱ ለተባሉ ሦስት ሊቃውንት ቀረቡ፤ ብሩኖ ክሎፕፈር፣ ኤድዊን ሽናይድማንና ሞርቲመር ሜየር ነበሩ። የእያንዳንዱን ሰው የአእምሮ ጤንነት በአምስት ደረጃ እንዲመዝኑ፣ ቀጥሎም ከየጥንዱ ወንድ አፍቃሪው የትኛው እንደሆነ እንዲለዩ ተጠየቁ።

መለየት አልቻሉም። ግምታቸው ሳንቲም ወርውሮ ከመወሰን አልተሻለም። በጤንነት ምዘናውም ከሁለቱ ወገኖች ከእያንዳንዱ ሁለት ሦስተኛው በመካከለኛና ከዚያ በላይ ባለው ደረጃ ተመደበ።

ዶክተር ሁከር ውጤቱን በ1956 በቺካጎ ለሥነ ልቦና ባለሙያዎች ጉባኤ አቀረቡ፤ በ1957 በመጽሔት ታተመ። ነገር ግን ደስታው ከኀዘን ጋር መጣ። ጥያቄውን የጠነሰሰው ሳም ፍሮም ጥናቱ ሳይታተም በመኪና አደጋ ሞተ። በ1957 መግቢያ ላይ ደግሞ ባለቤታቸው ኤድዋርድ አረፉ።

ከመዝገብ እስኪፋቅ

ጥናቱ የራሱ ወሰን ነበረው። ሴቶችን አላካተተም፤ የተወለዱበት ፆታ ከሚሰማቸው ማንነት ጋር የማይገጥም ሰዎችንም አልነካም። ሃይማኖት ስለ ጉዳዩ የሚያስተምረውንም አልጠየቀም፤ ጥያቄው የሕክምና ብቻ ነበር። ያም ሆኖ ከዚያ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች መንገዱን ይዘው ሠሩ። በ1967 የብሔራዊው ተቋም ይህን ጉዳይ የሚያጠና ግብረ ኃይል ሲያቋቁም ሰብሳቢነቱን ለዶክተር ሁከር ሰጠ። በዲሴምበር 1973 የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪነትን ከሕመሞች መዝገብ አወጣ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1990 እንዲሁ አደረገ።

ዶክተር ሁከር በ1970 ከዩኒቨርሲቲው ጡረታ ወጥተው በሳንታ ሞኒካ የራሳቸውን የምክር አገልግሎት ከፈቱ። ከደንበኞቻቸው የሚበዙት የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ወንዶችና ሴቶች ነበሩ። ከጥናቱ ተሳታፊዎች አንዱ የነበረ ሰው ሲሞት ሀብቱን ለዚሁ ዘርፍ ምርምር ተናዝዟል። እሳቸውም ኖቬምበር 18 ቀን 1996 በሰማንያ ዘጠኝ ዓመታቸው በሳንታ ሞኒካ አረፉ።

ለአማርኛ ተናጋሪው ታካሚ

መዝገብ ሲስተካከል ጭንቀት አብሮ አይፋቅም። በዘርፉ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ድብርት፣ ጭንቀትና ራስን የማጥፋት ሐሳብ በእነዚህ ሰዎች ላይ በርትቶ ይታያል። ባለሙያዎች ለዚህ ከሚሰጧቸው ዋና ዋና ምክንያቶች መካከል መገለል፣ ከቤተሰብ መባረርና የተደበቀ ኑሮ ይገኙበታል። በኢትዮጵያ ድርጊቱ በወንጀል ሕግ ያስቀጣል። በማኅበረሰባችን የአእምሮ ሕመም ራሱ የሚደበቅ ነገር ነው፤ የአማኑኤል ሆስፒታል ስም እንኳ ለስድብ ሲውል እንሰማለን። ስለዚህ ታካሚው ሁለት ምስጢር ይዞ ሐኪም ፊት ይቀመጣል።

ቋንቋችንም ይህን ምስጢር ያከብደዋል። በእንግሊዝኛ የሚናገር ሰው ፍቅረኛው ወንድ ይሁን ሴት ሳይገልጽ ብዙ ማውራት ይችላል። በአማርኛ ግን ጥሎኝ ሄደ ወይም ጥላኝ ሄደች ማለት ግድ ነው፤ ግሡ ራሱ ይናገራል። በሌላኛው ፆታ ለውጦ የሚተርክ ታካሚ ሐኪሙ ያላወቀውን ኀዘን ይዞ ይወጣል። በመካከል የተቀመጠው አስተርጓሚ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም የአንድ ዕድር ሰው ሊሆን ይችላል የሚለው ፍርሃት ደግሞ አፉን ፈጽሞ ይዘጋዋል።

ስለዚህ በጎ ሕክምና ከትንሽ ነገር ይጀምራል። ሐኪሙ ባል አለሽ ወይ ሚስት አለህ ወይ ብሎ ከመጀመር ይልቅ በሕይወትህ የምትቀርበው ሰው አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። አስተርጓሚው ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ጨዋታው ሳይጀመር ለታካሚው ይነገረዋል፤ ከሌላ ከተማ በስልክ የሚያስተረጉም ሰው የመጠየቅ ዕድልም ይሰጠዋል። ድብርት የያዘው ሰው ለድብርቱ ይታከማል፤ የሚያፈቅረው ሰው ማንነት የሕመሙ ስም ሆኖ አይጻፍበትም።

ዶክተር ሁከር ሦስቱን ሊቃውንት የጠየቋቸው ይህንኑ ነበር፤ ስሙን ሳታዩ ሰውየውን እዩት። ይህ ጥያቄ ዛሬም በየምርመራ ክፍሉ፣ በአማርኛም ጭምር፣ መልስ ይጠብቃል።