ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ፣ የለማጆች ዋስ

በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎ ወይም በሞያሌ ትምህርቱን ያቋረጠ ወጣት ጋራዥ ወይም ብየዳ ቤት በረዳትነት ሲገባ፣ ስምምነቱ ብዙውን ጊዜ በቃል ብቻ ይቀራል። ሙያውን መቼ ተምሮ እንደሚጨርስ፣ ደመወዝስ ከመቼ ጀምሮ እንደሚያገኝ አያውቅም። ይህን ጭንቀት ከብዙ ዘመን በፊት ተመልክቶ መፍትሔ የፈለገ አንድ ካህን ነበር።

ዮሐንስ ቦስኮ እ.ኤ.አ. በ1815 በሰሜን ኢጣልያ፣ በፒየሞንት አገር፣ ቤኪ በተባለች መንደር ተወለደ። ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው አባቱ ሞቱ፤ እናቱ ማርገሪታም በድህነት አሳደጉት። በ12 ዓመቱ ከቤት ወጥቶ በሰው እርሻ ተቀጠረ። በኋላም በትምህርት ላይ ሳለ ልብስ መስፋትንና ብረት መቀጥቀጥን ተማረ፤ በቡና ቤትም አገለገለ። ስለዚህ የእጅ ሥራን የሚያውቀው በወሬ አልነበረም።

በ1841 በቱሪን ከተማ ማዕረገ ክህነትን ተቀበለ። በዚያው ዓመት በእመቤታችን የንጽሕት ጽንሰት በዓል ቀን ባርቶሎሜዎ ጋሬሊ ከተባለ ወላጅ አልባ ወጣት ጋር ተገናኘ። ጋሬሊ ግንበኛ ሲሆን ማንበብም መጻፍም አይችልም ነበር። እንደ እርሱ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ የፈለሱ ብዙዎች ነበሩ፤ ዶን ቦስኮ ከእነርሱ አንዳንዶቹን ያገኛቸው በወህኒ ቤት ነበር።

ለእነዚህ ወጣቶች የማታ ትምህርት ከፈተ። ሜትርና ኪሎ በአገሩ ሥራ ላይ ሊውሉ ሲሉ፣ በ1849 አዲሱን መለኪያ ለሕዝብ የምታስረዳ አነስተኛ መጽሐፍ አሳተመ። ይሁንና ፊደልና ስሌት ብቻ እንደማይበቁ ተረዳ። በ1852 አንድ ለማጅ በአናጢ ዘንድ ሲቀጠር፣ ዶን ቦስኮ ራሱ የፈረመበት የሁለት ዓመት ውል ተጻፈ። በውሉ መሠረት አሠሪው ሙያውን ሊያስተምር፣ ከሙያው ውጭ በሆነ ሥራ ላያሰማራው፣ ሲያጠፋ በቃል እንጂ በዱላ ላይቀጣው፣ በበዓላት ቀን ሊያሳርፈው፣ ደመወዙንም ደረጃ በደረጃ ሊጨምርለት ተገደደ። በ1853 የጫማና የልብስ ስፌት ሥራ በራሱ ቤት ተጀመረ፤ የመጽሐፍ ጥረዛ፣ አናጢነት፣ የማተሚያና የብረት ሥራም ተከተሉ።

ዶን ቦስኮ በ1888 ዐረፈ፤ በ1934 ቅድስናው ታወጀ። የመሠረተው የሳሌዥያን ማኅበር በ1975 መቀሌ ገባ፤ ከዚያም በዝዋይና በደቡብ መንገዳችን ላይ በምትገኘው በዲላ ወጣቶችን ማገልገል ጀመረ።

ቀጥቃጩንና ፋቂውን ስንንቅ ለኖርን ለእኛ የቅዱሱ ሕይወት ትልቅ ትምህርት ነው። በየቁምስናችን የሙያ ትምህርት ቤት ለመክፈት አቅም ላይኖረን ይችላል። ነገር ግን ልጁ ጋራዥ ከመግባቱ በፊት አንድ ገጽ ስምምነት መጻፍ፣ ከአሠሪው ጋር መነጋገርና በምስክርነት መፈረም ለማንኛውም የትምህርተ ክርስቶስ መምህር የሚቻል ነው። ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ ሆይ፣ ለወጣቶቻችን ጸልይላቸው።