ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፦ ሕክምናንና ንጹሕ አስተዳደርን ያጣመሩ አገልጋይ

አዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ዘመናዊ ሕክምናን ተምረው በሙያው ከተመረቁ ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው መሆናቸው በታሪክ ይታወቃል። ከሐኪምነታቸው በተጨማሪ ዳኛ፣ የትምህርት ቤት ኃላፊ፣ የአውራጃ ገዥና የአገር ዲፕሎማት ሆነው አገልግለዋል። ሕይወታቸው ለዛሬ ተገልጋይም ሆነ ለዛሬ አገልጋይ አንድ ቁም ነገር ያስተምራል፤ ይኸውም የጤና አገልግሎት መሻሻልና የሙስና መወገድ ተነጣጥለው የማይታዩ ጉዳዮች መሆናቸው ነው።

ከመቅደላ እስከ ስኮትላንድ

ወርቅነህ እሸቴ በጎንደር ተወለዱ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር እጅ ስትወድቅና ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲሰዉ ገና ሕፃን ነበሩ። በጦርነቱ ግርግር ከቤተሰባቸው ተለይተው ስለ ተገኙ ቻምበርሌን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን ይዟቸው ወደ ሕንድ ተጓዘ። እርሱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲሞት ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን የትምህርታቸውን ወጪ ተሸከመ። በዚህም ምክንያት በባዕድ አገር ቻርልስ ማርቲን እየተባሉ አደጉ፤ የአገራቸው ቋንቋና የወላጆቻቸው ስም ከአእምሯቸው ጠፋ።

ሕፃኑ ግን በትምህርቱ በረታ። በ1874 ዓ.ም. በላሆር ከተማ በሕክምና ተመረቁ፤ በኋላም በስኮትላንድ ተጨማሪ ትምህርት ተከታትለው የሐኪምነት ፈቃድ አገኙ። ከዚያም በእንግሊዝ ግዛት ሥር በነበረችው በበርማ በመንግሥት ሐኪምነት ተቀጠሩ።

በድንኳን የተጀመረ አገልግሎት

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተገኘው የዐድዋ ድል ዜና በርማ ሲደርስ ወርቅነህ ወደ ትውልድ አገራቸው የመመለስ ፍላጎታቸው ጸና። በ1891 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። አማርኛ ስለማያውቁ በአስተርጓሚ እየተረዱ፣ በድንኳን ውስጥ ሆነው ሕመምተኞችን ያለ ክፍያ ማከም ጀመሩ። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ የነበረው ዘመናዊ ሕክምና ከዐድዋ ጦርነት በኋላ ከመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድንና ከጥቂት የውጭ አገር ሐኪሞች ብዙም ያለፈ አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል እንኳ የተከፈተው ከዚያ ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ከመቅደላ የተወሰደ ሕፃን ሐኪም ሆኖ መመለሱ ሲሰማ ዘመዶቻቸው ፈልገው መጡ። አያታቸው በልጅነታቸው በሰውነታቸው ላይ የቀረውን ጠባሳ አይተው እንደ ለዩአቸው ይነገራል። ወርቅነህ የሚለው ስማቸውም ያን ጊዜ ተመለሰላቸው።

ከዚያ በኋላ በበርማና በኢትዮጵያ መካከል እየተመላለሱ ሠሩ፤ ከበርማ አገልግሎታቸው በጡረታ ከተሰናበቱ በኋላም በ1911 ዓ.ም. ገደማ ጠቅልለው በአዲስ አበባ ተቀመጡ። በኢትዮጵያውያንና በውጭ አገር ሰዎች መካከል የሚነሡ ክርክሮችን በሚያየው ልዩ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት መሩ፤ ለተማሪዎች የሚሆን የዓለም ጂኦግራፊ መጽሐፍም በአማርኛ አዘጋጁ። በ1920 ዓ.ም. ስለ ጣና ግድብ ሥራ ለመነጋገር ወደ አሜሪካ ተልከው ነበር።

የቸርቸር አስተዳደር

በዚያ ዘመን አብዛኛው ሹም ከመንግሥት የተወሰነ ደመወዝ አይከፈለውም ነበር። መተዳደሪያው ገባሩ የሚያቀርበው እህል፣ ማር፣ ሙክትና የጉልበት ሥራ ነው። አቤቱታ ይዞ የሚመጣ ሰውም እጅ መንሻ ሳይዝ መቅረብ ይከብደዋል። እንዲህ ባለው አሠራር ጉቦ የአንድ ክፉ ሹም ጥፋት ብቻ ሳይሆን ሹመቱ ራሱ የቆመበት ልማድ ነበር። ለመንገድ፣ ለትምህርት ቤትና ለሐኪም ቤት ሊውል የሚገባው ገንዘብም ወደ ግምጃ ቤት ሳይደርስ በመንገድ ይቀራል።

ይህን ለመለወጥ ታስቦ በሐረርጌ የሚገኘው የቸርቸር አውራጃ የአዲስ አስተዳደር አርአያ እንዲሆን ተመረጠ። ሐኪም ወርቅነህም ከ1920ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 1927 ዓ.ም. ድረስ በገዥነት ተሾሙበት፤ መቀመጫቸውም አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ፣ ነበረች። የሥራው መሠረት ግልጽ ነበር፤ ሹሙ በደመወዝ እንዲያድር፣ የገባሩ ግብር በቁርጥ እንዲታወቅ፣ ፍርድም ሳይጓተት እንዲሰጥ ማድረግ ነው። መንገድ መሥራትና ትምህርት ቤት ማቋቋምም የዚሁ ጥረት ክፍል ነበሩ። ሐኪም ወርቅነህ የባሪያ ንግድ እንዲቀር ከሚደክሙት ሰዎችም አንዱ ነበሩ።

ሐዘንና ፍጻሜ

በ1927 ዓ.ም. የጣልያን ወረራ ሲቃረብ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። በሰባ ዓመት ገደማ ዕድሜያቸው ለአገራቸው መሣሪያ፣ ገንዘብና ወዳጅ ለማግኘት ደከሙ። ጥቁር አንበሳ በተባለው የአርበኞች ድርጅት ውስጥ የተሰለፉት ሁለቱ ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ ግን የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የመግደል ሙከራ ከተደረገ በኋላ በፋሺስቶች ተገደሉ። ሐኪም ወርቅነህ ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው፣ በመስከረም 1945 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ።

በቸርቸር የተጀመረው ሥራ በወረራው ምክንያት ተቋረጠ፤ አርአያነቱም በታሰበው መጠን ወደ ሌሎች አውራጃዎች ሳይስፋፋ ቀረ። የዚህ መዘግየት ዋጋ ከዋቤ ሸበሌ ማዶ በባሌ ታይቷል። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. በባሌ ለተነሣው የገበሬዎች ዐመፅ ከመሬት መነጠቅና ከማንነት በደል ጋር የግብር መብዛትና የሹማምንት ጉቦኝነት ምክንያት እንደ ነበሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። ደመወዝተኛ ሹምና የታወቀ ግብር የሚለው ሐሳብ ከሠላሳ ዓመት በፊት በጎረቤት አውራጃ ተሞክሮ ነበር፤ በጊዜው ያልደረሰለት ሕዝብ ግን በደሉን በጦር መሣሪያ እስከ ማሰማት ደረሰ።

ለዛሬ ተገልጋይ

ዛሬ የሐኪም ወርቅነህ ዓላማ በሕግ የተደነገገ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው የኢ.ፌ.ዲ.ሪ. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆንና ኃላፊዎች ተጠያቂ እንዲሆኑ ያዛል፤ በአንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት ለጤናና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ግዴታ ይጥልበታል። ሁለቱ አንቀጾች ይደጋገፋሉ፤ የተመደበው ሀብት ለሕመምተኛው የሚደርሰው አሠራሩ ግልጽ ሲሆን ነውና።

ከሲናና ገጠር ቀበሌ ተነሥቶ ወደ ሮቤ ወይም ወደ ጎባ ሆስፒታል ለሕክምና የሚሄድ ሰው አገልግሎቱን የሚያገኘው በመብቱ ነው። ለሚከፍለው ገንዘብ ሕጋዊ ደረሰኝ መጠየቅ ይገባዋል። ከደረሰኝ ውጪ ክፍያ ወይም ስጦታ ሲጠየቅ እምቢ ማለትና ጉዳዩን ለተቋሙ ኃላፊ ማመልከት ይችላል። በቂ ምላሽ ካላገኘም አቤቱታውን ለሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ወይም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማቅረብ ይችላል። በጤና ተቋማት የሚያገለግል ባለሙያም ሕመምተኞችን በድንኳን ያለ ክፍያ ያከሙትን፣ ኋላም ሹም በደመወዙ እንዲያድር የደከሙትን ሐኪም ወርቅነህን አርአያ ቢያደርግ ሙያውን ያስከብራል።